የሳምቡሳው ዘይትና የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት



ረመዳን ሲቃረብ ስለ ተራዊሕ፣ ቁርአን ስለማኽተም፣ ፆምና ፈተናን አጣጥሞ ስለመያዝ ብዙ ይጻፋል፤ መጻፍም አለበት። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ዘይት ነው። አዎ፣ ስለ ሳምቡሳ መጥበሻ ዘይት። ርዕሱ ቀላል መስሏችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። እናታችን በቀኝ ክንዷ ላይ ይዛው የምትዞረው ጠባሳ ከዚሁ ዘይት የመጣ ነው፤ ሰበቡም እኛ ነን።

እኛ ስንል የአንድ ቤት ሦስት ልጆች ማለታችን ነው፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ታናሽ እህት። ወንዶቹ ምህንድስና እንማራለን፣ እህታችን ገና ሁለተኛ ደረጃ ናት። ሦስታችንም ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስን ነው ያደግነው። ቤታችን ለገዳዲ ነው፤ ከመገናኛ ተነስታችሁ በኮተቤና በካራ አድርጋችሁ፣ ለገጣፎን አልፋችሁ፣ የደብረ ብርሃንን መንገድ ስትይዙ የምታገኙት። ዛሬ እንደነ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ በሸገር ከተማ ሥር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ስለ ለገዳዲ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ውሃውን። ግድቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከተማዋን ሲያጠጣ ኖሯል። የእኛ ሰፈር ቧንቧ ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በየበረንዳው ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ታያላችሁ። እነዚህን ጀሪካኖች አስታውሱልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ነገሩ የሆነው በ1446ቱ ረመዳን፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2017። መግሪብ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነበር። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ የእናንተም ቤት እንዲሁ ነውና። እናታችን ሾርባውን ጥዳለች፣ ምስሩ ተቀቅሎ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተለውሷል፣ እህታችን መሬት ላይ ተቀምጣ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። እኛ ወንዶቹስ? አንዳችን ፍራሽ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ይቆጥራል፣ አንዳችን በር ላይ ቆሞ የሰፈሩን ልጆች ኳስ ያያል። ሁለታችንም ደክሞናል። ከእኛ ቀድማ ለስሁር የተነሳችው፣ እኛ የጾምነውን የጾመችው እናታችን ግን ደክሟታል ብሎ ማሰብ በዚያ ሰዓት ወደ ራሳችን አልመጣም።

ዘይቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዷል። ሊሞቅ ሲል መብራት ሄደ። እናታችን አልተደናገጠችም፤ ለምዳዋለች። ከሰል ማንደጃውን ግቢ አውጥታ ማቀጣጠል ጀመረች። የዘይት ድስቱ ግን ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃው ላይ እንዳለ ቀረ። ምድጃውን ከሶኬት የነቀለው የለም። መብራት በሌለበት ቤት ማን ነው ሶኬት የሚያስታውሰው?

ጥቂት ቆይቶ መብራቱ መጣ። እንደ ወትሮው ሰፈሩ ሁሉ "መጣ!" ብሎ ጮኸ። እኛም ጮህን። እናታችን ከሰሉን እያራገበች ነበር፣ እህታችን ቴምር ልታቀርብ ሳሎን ገብታለች። ድስቱ ያለ ጠባቂ፣ ክዳን ሳይኖረው፣ በሙሉ ኃይል በሚሠራ ምድጃ ላይ ነው። በስንት ደቂቃ እንደነደደ አናውቅም። እህታችን "የሚሸት ነገር አለ" ብላ ኩሽናውን ስትከፍት ጭሱ ፊቷን መታት፤ ከድስቱ አፍ ላይ ነበልባል ቆሟል።

ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን አንጠራም፣ ቴርሞዳይናሚክስን በጥሩ ውጤት ያለፈ ነው፤ በረንዳ ላይ ካለው ጀሪካን በጆግ ውሃ ቀድቶ ሮጠ። እናታችን ከኋላው ደርሳ "ተው! ውሃውን ተው!" እያለች እጁን ያዘችው። ጆጉን መለሰችው፤ ግን ከጆጉ ጥቂት ውሃ ተፈናጥሮ ድስቱ ውስጥ ገብቷል። ጠብታዎች ናቸው፤ ከአንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። ድስቱ ጮኸ። ነበልባሉ ተነስቶ የኩሽናውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላሰው፤ የተረጨው ዘይት በእናታችን ክንድ ላይ አረፈ።

እሳቱን ያጠፋችው የምህንድስና ተማሪ ያልሆነችው እህታችን ናት። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የምጣድ አክንባሎ፣ የብረቱን፣ ጋሻ እንደሚይዝ ሰው ፊት ለፊቷ ይዛ ቀረበችና ድስቱ ላይ ደፋችው። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለች። እሳቱ ወዲያው ጠፋ። ማን እንዳስተማራት ጠየቅናት። "እማዬ ከሰል ስታጠፋ ክዳን ትደፋበት የለ?" አለች። ይኸው ነው መልሷ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ስህተት ሊደገም ነበር። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ገቡ። አንዷ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ቅቤ፣ ሌላው የእንቁላል አስኳል አለ። ሁሉም በደግነት ነው። ደግነቱ አንዲት ጎረቤታችን የጤና ባለሙያ ናት፤ "ምንም እንዳትቀቡ! ውሃ አምጡ" አለች። ቧንቧው የፈረቃው ቀን አልነበረም። ስለዚህ ጀሪካኑን በየተራ እያነሳን፣ ከሥር ሳፋ አድርገን፣ በእናታችን ክንድ ላይ ቀስ ብለን ውሃ ስናፈስ 20 ደቂቃ ቆየን። በመሀል አዛን አለ። እናታችን ቀኝ ክንዷ ሳፋው ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ እህታችን ባጎረሰቻት አንድ ቴምርና በሁለት ጉንጭ ውሃ አፈጠረች። ማናችንም ሳምቡሳ አላስታወስንም። አንድም ሳምቡሳ አልተጠበሰም ነበር።

በዚያች ምሽት ከምንም በላይ የቆጠቆጠን ነገር ይኸው ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያው የለገዳዲ ውሃ፣ ከዚያው ጀሪካን የተቀዳው፣ እናታችንን አቃጠላት፤ እናታችንንም አሻራት። ልዩነቱ ውሃው አልነበረም፤ የያዝነው እኛ ነበርን።

ውሃ ለምን ዘይትን ያስቆጣል?

በሳምንቱ ይህን ነገር ወረቀት ላይ አውጥተን አሰላነው። ክፍል ውስጥ ሁላችን የተማርነው ነው፤ አንድ ቀን ኩሽና ይዘነው ገብተን አናውቅም እንጂ። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ለገዳዲ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የአየሩም ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ እኛ ጋ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት ግን ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ነው፤ የነደደ ዘይት ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ። ውሃ ከዘይት ይከብዳል፤ ስለዚህ ላዩ ላይ አይንሳፈፍም፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ሰምጦም ከሚፈላበት ሙቀት እጅግ በላቀ ዘይት ይከበባልና በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ያ ሁሉ እንፋሎት ከድስቱ ሥር ሲፈነዳ በላዩ ያለውን ዘይት አድቅቆ ወደ ላይ ይረጨዋል። የደቀቀ ዘይት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ከተጠራቀመ ዘይት ይልቅ በፍጥነት ይነዳል። አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ ነበልባሉን ጣሪያ ያደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለአሜሪካዋ አክስታችን በስልክ ስንነግራት አልገረማትም። እሷ ያለችበት አገር በኅዳር ወር አጋማሽ ግድም፣ በምስጋና ቀናቸው፣ አንዳንድ ሰዎች ትልቁን የቱርክ ዶሮ እንዳለ፣ ሳይቆርጡት፣ ዘይት በሞላ ድስት ውስጥ ይጠብሱታል። ዶሮው ከበረዶ ሳጥን ወጥቶ በደንብ ሳይቀልጥ ከተጨመረ በረዶው ውሃ፣ ውሃው እንፋሎት ይሆንና ዘይቱ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ይፈሳል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቻቸው በየዓመቱ ያስጠነቅቃሉ፤ እንዲያውም ሜዳ ላይ የበረደ ዶሮ ዘይት ውስጥ እየጣሉ ነበልባሉን ለሕዝብ ያሳያሉ። ቤት የሚቃጠለው ግን ያም ሆኖ አልቀረም። ስናስበው ነገሩ አንድ ነው። የእነሱ የምስጋና ቀን ዶሮ፣ የእኛ የኢፍጣር ሳምቡሳ፤ ሁለቱም የሚጠበሱት እንግዳ በሚጠበቅበት፣ ሰው በሚቸኩልበት ሰዓት ነው።

አክስታችን አንድ ጥሩ ዘዴም ነገረችን። እዚያ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ዘይቱን ከመጨመሩ በፊት ዶሮውን ባዶ ድስት ውስጥ ያስቀምጥና እስኪሸፍነው ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ ዶሮውን አውጥቶ የቀረው ውሃ የት ላይ እንደቆመ ምልክት ያደርጋል። ዘይቱ ከዚያ ምልክት ማለፍ የለበትም። ከዚያ ድስቱንም ዶሮውንም በደንብ ያደርቃል። ነገሩ የአርኪሜደስ ሕግ ነው፤ የገባ ነገር የራሱን ያህል ፈሳሽ ይገፋል። በሳምቡሳም ይሠራል፤ ስድስት ሳምቡሳ አንዴ ስትጨምሩ ዘይቱ ከፍ ይላል፣ ላዩ ላይ ደግሞ አረፋው አለ። ዘይቱም ራሱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከቤት ሙቀት ተነስቶ 180 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ከአሥር በመቶ በላይ ይጨምራል። ቀዝቃዛ ሳለ "ልክ ነው" ያላችሁት ድስት ሲግል ልክ አይደለም።

የቤታችን ሹራ

በማግስቱ ከተራዊሕ በኋላ ተቀምጠን ተማከርን። እናታችን ክንዷ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ መሀላችን ናት። የተስማማንባቸውን ነገሮች እንዳሉ እናካፍላችሁ፤ በየቤታችሁ፣ በተለይም ተከራይታችሁ በአንድ ክፍል የምታበስሉ፣ ጨምራችሁ ቀንሳችሁ ተጠቀሙባቸው።

አንደኛ፣ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ሻማ መፈለግ አይደለም፤ ምድጃውን ከሶኬት መንቀል ነው። ካውያም ቢሆን፣ ምጣድም ቢሆን እንዲሁ። ዘይቱንም ከምድጃው ላይ ማውረድ።

ሁለተኛ፣ ዘይት ተጥዶ ሰው ከአጠገቡ አይነሳም። ለሶላትም ቢሆን፣ ስልክ ቢጠራም፣ በር ቢንኳኳም። መነሳት ካለበት እሳቱን አጥፍቶ ይነሳል።

ሦስተኛ፣ ድስቱ ጎላ ያለ፣ መቀመጫው የማይነቃነቅ፣ እጀታው ወደ ግድግዳ የዞረ ይሁን። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ በታች ይሁን፤ ሲሶ ቢሆን ይመረጣል። መሬት ላይ አይጠበስም፤ ሕፃን የሚሮጥበት፣ ፍራሽና መጋረጃ የሚደርስበት ቦታ ላይም አይጠበስም።

አራተኛ፣ ሳምቡሳው ደረቅ ይሁን። ምስሩ ውሃውን ጨርሶ፣ በደንብ ቀዝቅዞ ይጠቅለል፤ ጫፉ በዱቄት ሙጫ በደንብ ይዘጋ። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ በላዩ ያለው በረዶና ወዝ ይጠረግ። ጭልፋውም ከእጥበት እንደወጣ ዘይት ውስጥ አይገባም። ሳምቡሳው ከላይ አይወረወርም፤ በጭልፋ ወደ ዘይቱ ተጠግቶ፣ ከራስ ወዲያ እያዘነበሉ ይለቀቃል።

አምስተኛ፣ የሙቀት መለኪያ የለንም፤ የሊጥ ቁራጭ ግን አለን። ትንሽ ሊጥ ጣል ስናደርግ ሥር ላይ ከተኛ ዘይቱ አልደረሰም። ዙሪያውን አረፋ እያበጀ ቀስ ብሎ ከተነሳ ደርሷል። ወዲያው ከጠቆረ አልፏል። ዘይቱ ጭስ ካወጣ ደግሞ ጥያቄ የለውም፤ ይጥፋ። ጭስ የእሳት አዛን ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚቀራችሁ ደቂቃዎች ናቸው።

ስድስተኛ፣ የብረት ክዳን ወይም አክንባሎ ሁልጊዜ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ። እሳት ሙቀት፣ የሚነድ ነገርና አየር ይፈልጋል፤ ክዳኑ አየሩን ይነሳዋል። ዘይቱ ከነደደ ክዳኑን እንደ ጋሻ ይዞ ከፊት ወደ ኋላ መድፋት፣ ምድጃውን ማጥፋት፣ ከዚያም ድስቱ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት። ቶሎ የከፈተው ሰው አየሩን መልሶ ይሰጠዋል፤ እሳቱም ይመለሳል። የነደደውን ድስት ተሸክሞ ወደ ውጭ መሮጥ ፈጽሞ አይሆንም። ዱቄትም አይበተንበትም፤ እሱም ይነዳል። ውሃ፣ የተማርነውን ትምህርት ሁሉ ብትረሱ፣ ይህን አትርሱ፤ ውሃ አይነካውም። ክዳኑ ካልሠራ ሰዉን ሁሉ አስወጥቶ፣ በር ዘግቶ፣ እርዳታ መጥራት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ጥሪ 939 ነው።

ሰባተኛ፣ ቃጠሎ ከደረሰ ቀለበቱንና አምባሩን ቶሎ ማውለቅ፣ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ። በረዶ አይደለም፤ ውሃ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ማር፣ ቡና፣ እንቁላል አይቀባም። ውሃ የቋጠረው አይፈነዳም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን። ከእጅ መዳፍ የሰፋ ከሆነ፣ ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። አዲስ አበባ ላሉት የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምናው ይታወቃል። ቧንቧቸው እንደ እኛ በፈረቃ የሆነ ደግሞ ከመጥበሳቸው በፊት አንድ ሙሉ ጀሪካን ለዚህ ጉዳይ ብቻ ያስቀምጡ። ከድስቱ ራቅ አድርገው።

ስለ አሮጌ ዘይትም አንድ ነገር። የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ጠብሶ የሚደፋ ቤት የለም፤ እኛም አንደፋም። ነገር ግን ዘይት በተደጋጋሚ በጋለ ቁጥር ይበላሻል፣ የሚጨስበትም ሙቀት ዝቅ እያለ ይመጣል። በአዲስነቱ 220 ዲግሪ አልፎ ካልሆነ የማይጨስ የተጣራ ዘይት፣ ብዙ ጊዜ ከተጠበሰበት በኋላ በመጥበሻ ሙቀት ላይ ሊጨስ ይችላል። በዚያ ቅዳሜ የተጣደው ዘይት ከረመዳን መግቢያ ጀምሮ የነበረ ነው። አሁን ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ አጥልለን፣ ፍርፋሪውን አስወግደን፣ ከድነን ጨለማ ቦታ እናስቀምጣለን። ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ አረፋው አልጠፋ ካለ ወይም ከሸተተ እንሰናበተዋለን። ዘይቱን ለማትረፍ ብለን ቤቱን አናጣም።

ሩብ ሰዓቷን ማንሳት

ይህ ሁሉ ግን ለእናታችን አልበቃትም። ስንጨርስ ዝም ብላ ሰምታን፣ "ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ለምንድን ነው አዛን ሲል ሳምቡሳ ትሪ ላይ መገኘት ያለበት?" አለችን።

መልስ አልነበረንም። መድረሳ ተቀምጠን የተማርነው እኮ ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመግሪብ ሶላት በፊት በእሸት ቴምር፣ እሱ ከሌለ በደረቅ ቴምር፣ እሱም ከሌለ በጥቂት ጉንጭ ውሃ ያፈጥሩ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈውልናል። ፍጡርን ማፋጠን የተወደደ ነው፤ የሚፋጠነው ግን ፆሙን መፍታቱ ነው፣ ምግቡ አይደለም። ለቴምርና ለውሃ እሳት አያስፈልግም። ያቺን የመጨረሻ ሩብ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ደክሞ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ ዓይኑ ሰዓት ላይ ሆኖ የጋለ ዘይት ላይ የሚያቆም ሱና የለም። ያቆመው የእኛው ልማድ ነው፤ ትሪው ሙሉ ሆኖ ካላየን ኢፍጣር የማይመስለን የእኛ ሆድ።

ስለዚህ ሥርዓቱን ለወጥነው። አዛን ሲል ቴምርና ውሃ። ከዚያ መግሪብ በጀመዓ። ከሶላት ስንመለስ፣ ጉሮሮ ረጥቦ ልብ ከተረጋጋ በኋላ ይጠበሳል፤ ወይም አስቀድሞ ከ11 ሰዓት በፊት ተጠብሶ አልቆ እሳቱ ይጠፋል። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ አዛን በቤታችን ዘይት አይጣድም። ይህች አንዲት ውሳኔ ከሰባቱ ሕጎች ሁሉ በላይ ጠቅማናለች። ሳምቡሳውም እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ሲበላ ይጣፍጣል፤ ትኩስ ነው፣ የሚጠብሰውም ሰው አብሮ ይበላል።

የሚጠብሰው ሰው ማን ነው? አሁን ወንዶቹ ነን። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እናታችን ዘይት አጠገብ አልቆመችም። መጀመሪያ ላይ አሳረርን፣ እህታችን ሳቀችብን። የመጀመሪያው ሳምንት ሳምቡሳ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ከሰል ነበር። እናታችን ሁሉንም "ማሻአላህ" እያለች በላችው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ ይሆኑ እንደነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መመለሳቸውን በልጅነታችን ሰምተናል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ሰምተን ፍራሽ ላይ ተኝተን ነበር።

ሌላም በልጅነታችን የሸመደድነው ነገር አሁን ትርጉሙ ገባን። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነነዋሪዎቹ ተቃጥሎ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው፣ እሳት ጠላት መሆኗን፣ ሲተኙም እንዲያጠፏት አሳስበዋል። በሌላ ዘገባ ምክንያቱንም አክለዋል፤ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል ትችላለችና። የምህንድስና ተማሪዎች፣ ይህን እንደገና አንብቡት። አደጋው ከመድረሱ በፊት በየት በኩል ሊመጣ እንደሚችል አስቦ መንገዱን መዝጋት፤ እኛ በአራተኛ ዓመት ከስንት ሠንጠረዥ ጋር የምንማረው ይኸው አይደል? የዚያ ዘመን አይጥ የመብራት ክር ትጎትታለች፤ የእኛ ዘመን አይጥ ሄዶ የሚመጣ መብራት ነው። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ በአላህ መመካት እንጂ ሶኬቱን ሰክቶ መሄድ አይደለም።

የጀመዓ ኢፍጣር ለምናዘጋጅ ወንድሞችና እህቶችም ይህ ይመለከተናል። ለመቶ ሰው ሲጠበስ ድስቱ ይተልቃል፣ ችኮላውም ይተልቃል። ዘንድሮ ተረኛ ስንመድብ አሳላፊ፣ አንጣፊ፣ አጣቢ ብለን ብቻ አንመድብ። ለዘይቱ አንድ ሰው እንመድብ፤ ሥራው ዘይቱን ማየት ብቻ የሆነ፣ ክዳን አጠገቡ የሆነ፣ ስልኩን ለጓደኛው የሰጠ። ያ ሰው የሰው ሁሉ አማና አለበት፤ አጅሩም ኢንሻአላህ እንዲሁ።

የእናታችን ክንድ አልሐምዱሊላህ ድኗል። ጠባሳው ግን አለ፤ ከአንጓዋ ከፍ ብሎ፣ የቴምር ቅጠል የሚመስል። ለውዱእ እጅጌዋን በሰበሰበች ቁጥር እናየዋለን። እሷ አንድም ቀን ወቅሳን አታውቅም። ባለፈው ጀሪካኑን ይዘን ውሃ ስናፈስላት አየት አደረገችንና፣ "ይሄን ለሌሎቹ ልጆችም ንገሯቸው እንጂ፤ እነሱም እናት አላቸው" አለች።

ነገርናችሁ። አላህ ቤቶቻችንን ከእሳት ይጠብቅልን፤ የዱንያውንም የአኺራውንም እሳት ያርቅልን። ረመዳንን በሰላም የሚያገኙት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።